በወይራ ያጠንኩት ሳጥን

ልጄ እነዚያን ሁለት እንሽላሊቶች በቆቡ ይዞ ወደ ቤት የገባው ዝናብ ባባራ ማግስት ነው። ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት የሚፈልቅበት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን የነገሌ ቀይ አፈር ይለሰልሳል፣ አየሩ በክንፍ ይሞላል፣ ጠዋት ቤት ሲጠረግ ከአቧራ ይልቅ ክንፍ ይወጣል። ልጄ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ግራር ሥር ነው ያገኛቸው፤ ምስጥ ሲለቅሙ። በሩ ላይ ቆመና ቆቡን በሁለት እጁ ደግፎ፣ "እማዬ፣ ነይ እይ። እነዚህ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ" አለኝ።

አልሄድኩም። ከማዕድ ቤቱ በር ሆኜ አንገቴን አሰገግሁ። ግድግዳ ላይ የሚሮጡት እንሽላሊቶች ዓይናቸው አይከደንም፤ ቀንም ማታም ያፈጣሉ። እነዚህ ግን ቆቡ ውስጥ ተጋድመዋል። ቢጫ ቆዳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል፤ ጅራታቸው እንደ ጣት ወፍሯል። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ፤ ቀስ ብለው ገለጡ፤ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሕፃን። አንዱ ምላሱን አወጣና የገዛ ዓይኑን ላሰ። እየፈራሁም ቢሆን አየሁ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ጊዜ እንሽላሊት ቆሜ አይቼ አላውቅም።

እኔ እንሽላሊት እፈራለሁ። ያደግሁት ከጦር ካምፑ አጥር ሥር ነው፤ አባቴ ወታደር ነበር፣ ከሰሜን ነው የመጣነው። እዚያ የሁሉም አገር ሰው ነበር፣ የሁሉም አገር ፍርሃትም ነበር። አንዷ እናት ምራቁ ያረፈበት ቆዳ ለምጽ ያወጣል ትላለች፤ ሌላዋ ወጥ ውስጥ ከገባ ቤተሰብ ይጨርሳል ትላለች። እኔ ሁሉንም አመንኩ። ሠራዊቱ በተበተነበት ዓመት እኛም ትምህርቱን ተውነው፤ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ አልተመለስኩም። ከሰማሁት ሌላ የማውቀው ብዙ አልነበረም። የእንሽላሊቶቹን ነጠብጣብ ባየሁ ቁጥር ወደ ልጄ እጅ የሚሻገር ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው እጅጌውን ሰብስቤ ክንዱን አየው ነበር፤ ንጹሕ ነው። በማግስቱም አይ ነበር።

ቤት ሠራላቸው። ከካምፑ የተጣለ የጥይት ሳጥን ነበረን፤ ባሌ በሕይወት ሳለ ያመጣው፣ እኔ ከሰል የማስቀምጥበት። ከሰሉን አራገፈ፣ ሳጥኑን ፈትጎ አጠበ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋለው። ከዚያ በጎኑ አጋድሞ ፊቱን በመስኮት መስተዋት ዘጋ፤ ከላይ ሰፋ አድርጎ ቀደደና አሮጌ የሽቦ ወንፊት ቸነከረበት። ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ አስጠጋው። በወዲያ በኩል ምድጃ አለ፤ የጭቃው ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ለብ እንዳለ ነው።

"ግማሹ ሙቅ፣ ግማሹ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ራሳቸው ይመርጣሉ" አለኝ።

በሙቁ በኩል የተሰበረ እንስራ ገል ደፋላቸው፤ በቀዝቃዛው በኩል ሌላ ገል። መሃል ላይ እርጥብ አፈር ያለበት ጣሳ በጎኑ አስተኛ። ቆዳቸውን የሚገፍፉት እዚያ ነው፤ ገፍፈው ይበሉታል። ያንን የነገረኝ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። መጀመሪያ አሸዋ ነበር ያነጠፈላቸው፤ ያገኘኋቸው አሸዋ ላይ ነው ብሎ። ኋላ ከፌንጣው ጋር አሸዋውን ሲውጡ አየና ጠርጎ አወጣው፣ ከፈረሰ ቤት የለቀመውን ሴራሚክ ደረደረ። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ሁለቱም የሚጸዳዱት አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ አይነካም። ሰው ሆኖ እንዲህ የተጣራ እንግዳ ቢመጣ ማን ይጠላል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ወንድና ሴት ናቸው፤ ልጄ እንዲወልዱለት ጠበቀ። በየማለዳው የጣሳውን አፈር በጣቱ ዳሰስ ያደርጋል፤ ምንም የለም። ትምህርቱን ጨረሰ፤ ሥራ ጠበቀ፤ ሥራም አልመጣም። አንድ ጠዋት ዓይኔን ሳያይ "ተመዝግቤያለሁ" አለኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ባሌ ከተልተሌ ወዲያ ባለ ካምፕ ነው የሞተብኝ፤ ጥይት ሳይተኮስ፣ በወባ። ለእኔ መለዮ ማለት ሰው ለብሶት ሄዶ የሚቀርበት ልብስ ነው።

መናኸሪያ ስሸኘው ጭጋግ ነበር። የባጃጆቹ መብራት ጭጋጉ ውስጥ ተንሳፍፎ ይመጣል፣ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ድምፅ የሌለው ነገር ይመስላል። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ከካሌንደር ጀርባ ላይ የጻፈው ነው።

"ፊደሉን አግዝፌልሻለሁ" አለኝ።

"ዓይኔ ያያል።"

"ዓይንሽማ ያያል። አንቺ ስታነቢ ትቸኩያለሽ፣ ቃሉን ሳትጨርሺ ቀሪውን ከራስሽ ትሞዪዋለሽ።"

"ካቃተኝስ?"

"ካቃተሽ ዝናብ ሲመጣ ግራሩ ሥር ልቀቂያቸው። ብቻ እንዳትገድያቸው።"

"እኔ መች ነፍስ ገድዬ አውቃለሁ?"

"በመጥረጊያ፣ በፍርሃት" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አውቶቡሱ ሲነሳ ሁለታችንም ገና እየሳቅን ነበር፤ ያ ጥሩ ነው።

ወረቀቱን ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እንዲህ ይላል። ጥጉን በየቀኑ ጥረጊ። የሞተ ፌንጣ ሳጥን ውስጥ አይደር። የተረፈም ፌንጣ አይደር፤ ተኝተው ሳሉ ይነክሳቸዋል። ውሃውን ጠዋት ጠዋት ለውጪ። በሳምንት አንድ ቀን ገሉንም ጣሳውንም ሴራሚኩንም አውጥተሽ በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቢ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ። በረኪና አይሆንም፣ ዓይናቸውን ያጠፋል። የእነሱ ዕቃ ከወጥ ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። እጅሽን ከመንካትሽ በፊትም በኋላም ታጠቢ። የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠሽ ፌንጣው ላይ ነስንሺ፣ ለአጥንታቸው ነው፣ ይላል።

እጅሽን የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። እጄን ማን አስገብቶ! ማንኪያ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር በገመድ አሰርኩ። በዚያ ጥጉን እጠርጋለሁ። ፌንጣ ደግሞ ማለዳ፣ ጤዛ ሳይነሳላቸው፣ ከአጥሩ ሣር ለቅሜ በጉጠት ይዤ አቀርባለሁ።

ጎረቤቴ አንድ ጠዋት በዚህ ላይ ደረሱብኝ። የቦረና ሴት ናቸው፤ ከእናቴ ዕድሜ ይበልጣሉ፤ ከገጠር ከብታቸው የመጣ ወተት ያካፍሉኛል። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እንደ ልጃቸው ያዩኛል።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

"ናጋ፣ ሰላም፣ እትዬ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"ናጋ። ይኼ ረጅም ማንኪያ ማንን ነው የሚያጎርሰው?"

"ጥጋቸውን እየጠረግሁ ነው።"

"ከዚያ ሆነሽ? ዳዋ ወንዝ ዳር ዓሣ የምታጠምጂ መሰለኝ እኮ።"

"ቢዘልብኝስ?"

ጎንበስ ብለው በመስተዋቱ አዩ። "ማሎ" አሉ፤ ሲያዝኑም ሲቀልዱም የሚሉት ነው። "አንቺን አይቶ ገል ውስጥ ገብቷል። ማን ማንን እንደሚፈራ ዋቃ ይወቀው።"

ልጄ መደወል ሲጀምር አንድ ነገር አስተዋልሁ። "እንዴት ነህ?" ስለው "ደህና ነኝ" ይላል። "በላህ?" ስለው "በላሁ" ይላል። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው፤ እንግዳ ሰው የማናግር ይመስለኛል። የት እንደሆነ አይነግረኝም፤ እንዳይነግረኝም ታዟል መሰለኝ። ከዚያ "እነሱስ?" ይላል። እዚያ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ሴቷ ጅራቷ ወፍሯል? ወንዱ በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው? ጥጉ ደረቅ ነው እርጥብ? እኔም ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ያላየሁትን ለማየት ስልኩን ይዤ ሳጥኑ ዘንድ እሄዳለሁ። ያኔ ልጄ ልጄ ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሰምቶ ስለ ልጅ ልጆች የምናወራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ገባኝ። እነዚያ ሁለት እንስሳት ከሞቱ "ደህና ነኝ" እና "በላሁ" ብቻ ይቀሩኛል። ከዚያ እነዚያ ሁለት ቃላትም ይቀራሉ። ልጄ ያለው በዚያ ሳጥን በኩል ነው። በግራሩ ሥር የመልቀቁን ነገር ከዚያ ወዲያ አላሰብኩትም።

በልግ ሲገባ ሴቷ ሆዷ ነፋ። አንድ ቀን መስተዋቱ ላይ በእግሮቿ ቆማ ሳለ፣ ፀሐይ ከጀርባዋ ሲመጣ፣ በቆዳዋ ውስጥ ሁለት ነጭ ነገር አየሁ። ግራና ቀኝ፣ እንደ ሁለት ጨረቃ። ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየሁ። ጉም ውስጥ ያለ ነገር እንደሚታይ ነበር የታየኝ፤ ሌላ ሰው ቢመጣ የሚጠፋ ዓይነት። ልጄ ሲደውል ነገርኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለ። "ሁለት ናቸው? እርግጠኛ ነሽ?"

"ሁለት ናቸው።"

"በቃ እማዬ፣ አሁን ስሚኝ። የጣሳው አፈር እንዳይደርቅ። ስትጨብጪው የሚጣበቅ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። እንቁላሉን ስታገኚው እንዳትገለብጪው። ዶሮ ትገለብጣለች፤ ይኼ ከተገለበጠ ግን ውስጡ ያለው ይሞታል። ላዩን በእርሳስ ምልክት አድርጊበትና እንዳለ አንሺው። ሳጥኑ ደግሞ ንጹሕ ይሁን። ከምንም በላይ ንጹሕ ይሁን።"

ንጹሕ ይሁን ያለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቀኑን ሙሉ እየጠረግሁ፣ ንጹሕ ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን እል ነበር።

ዝናቡ በዚያ ዓመት አላቋርጥ አለ። የጥይት ሳጥኑ እንጨት እርጥበት ጠጣ፤ ከታች በኩል አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። አጠብኩት፤ ፀሐይ ስለሌለ አልደረቀም። ሽታ መጣ። ያ ሽታ አልጋዬ ድረስ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ሽታ ውስጥ ሁለቱ ጨረቆች ሲጠቁሩ ይታየኛል። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩ። ልጄ እንዳለው ሳልቸኩል፣ በጣቴ እየተከተልኩ። በረኪና አይሆንም። ስለ ጭስ ግን አንዲት ቃል የለበትም።

ወተት ዕቃ ማጠንን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባሌን አግብቼ ጎጆ የወጣሁ ሰሞን። እዚህ አገር ጪጮ የሚሉት የተጎነጎነ ወተት ዕቃ አለ፤ በውሃ ብቻ አይነጻም። የወይራ እንጨት ጫፉ ፍም እስኪሆን ይነዳል፣ ፍሙ ጪጮው ውስጥ ይገባል፣ ዕቃው እየተንከባለለ ውስጡ ይታጠናል። ከዚያ ቶሎ ክዳኑ ይከደናል። ዋናው ክዳኑ ነው። ጭሱ ታፍኖ ግድግዳው ይጠጣዋል፤ ወተቱ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው፣ ሽታው ሳይወጣ። እንዲህ የታጠነ ወተት ቶሎ አይበላሽም። ሃያ ዓመት ስሠራው ኖሬያለሁ። በእኔ ቤት ንጹሕ የሆነ ነገር ወይራ ወይራ ይላል።

እንግዲህ ያንን አደረግሁ። ሁለቱን በእንጨት እየገፋሁ ቆብ ውስጥ፣ ከቆብ ሳፋ ውስጥ አስገባሁ። ይኼ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ። ሳጥኑን በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅሁ፣ የወይራ ፍም በገል አድርጌ አስገባሁ። ሻጋታው ሲደርቅ፣ እንጨቱ ሲሞቅ፣ ያ የታወቀ ሽታ ሲነሳ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ፍሙን አወጣሁ። ጭሱ ገና ውስጡ እያለ ሁለቱን መለስኳቸው፤ መስተዋቱን ገፋሁ፤ ወንፊቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ደረብኩ። ጭሱ እንዳያመልጥ።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ውሃው ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከካምፑ በኩል የመለከት ድምፅ መጣና ሄደ። ራሴን ጥሩ ሴት አልኩት። ዛሬ ቢደውል የምነግረውን እያሰብኩ፣ እንቅልፍም ሳይሆን ንቃትም ሳይሆን፣ ልጄ ትንሽ ሆኖ ጭቃ ውስጥ ሲሄድ አየሁ። ጫማውን በእጁ ይዟል። የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ልጠይቀው ስል አንድ ነገር መስተዋት ይቧጥጣል።

ዞር ስል መስተዋቱ ነጭ ነው። ከነጩ ውስጥ አንድ ትንሽ መዳፍ፣ አምስት ጣት፣ መስተዋቱን ይዛለች። ከዚያ ለቀቀች።

ጆንያውን ወርውሬ መስተዋቱን ሳብኩ። ጭሱ ፊቴ ላይ ወጣ። ሴቷ አፏን ከፍታ ተጋድማለች። ወንዱ ጥግ ላይ ተጣብቋል፤ ጅራቱ ግን ከእሱ ጋር የለም። ጅራቱ ብቻውን ሴራሚኩ ላይ ይዘላል፣ ይጠማዘዛል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይዘላል። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ጎረቤቴ የመጡት ጩኸቴን ሰምተው ነውና።

"ምን ሆነሽ? እባብ ነው?"

"አጠንኳቸው፣ እትዬ።"

"ምንን?"

"ሳጥኑን። እንደ ጪጮ። ክዳኑን ዘግቼ።"

ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ነጠላቸውን አውልቀው ወደ ሳጥኑ ያራግቡ ጀመር። "ያ ኢንተላ" አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ወተት እኮ አይተነፍስም።"

ሳጥኑን ተጋግዘን ወደ ደጅ አወጣነው። ጎረቤቴ በባዶ እጃቸው ሁለቱን አንስተው ንፋስ ያለበት ቦታ ሳፋ ላይ አስተኟቸው፤ እንደ ጫጩት። ሴቷን በማንኪያ ጫፍ ውሃ አቀረብኩላት፤ አልነካችም። አንዲት ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ስጥል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ምላሷ ወጣ። ያንን ምላስ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እያለቀስኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለ።

"እነሱስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ሳጥኑ?"

"ንጹሕ ነው" አልኩት። እሱ እንኳ እውነት ነበር።

ድምፁ እንደዚያው ሞቆ ቀጠለ፤ ሆዷን ጠየቀኝ፣ ጣሳውን ጠየቀኝ። ያን ቀን ግን ከጉድጓድ የማወራው እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሲዘጋ ወንዱን አየሁት። ጅራቱ የነበረበት ቦታ ጉርድ ሆኖ፣ ገሉ ሥር ተኝቶ፣ ዓይኑን ከድኗል። እንደሚያወራብኝ ሰው ፈራሁት።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን በውሃና በሳሙና ብቻ አጠብኩ። ሽታው አልለቅ ሲል እንጨቱን በስባሪ ጠርሙስ ፋቅሁት፤ አዲስ እንጨት እስኪመጣ ድረስ ፋቅሁት። ረጅሙን ማንኪያ ተውኩት፤ በዚያ ርቀት ያለው ነገር በደንብ አይታይም፤ ጥጉን ሳላየው ከቀረሁ ደግሞ ሌላ ስህተት እሠራለሁ። ጨርቅ በእጄ ጠቅልዬ አስገባ ጀመር።

ሴቷ ከብዙ ቀን በኋላ ፌንጣ በላች። አንድ ጠዋት ሆዷ ሙሽሽ ብሎ አገኘኋት፤ የጣሳው አፈር ተቆፍሯል። እጄን ታጠብኩ። አፈሩን በማንኪያ ሳይሆን በጣቴ ገለጥኩ። ሁለት ናቸው፤ የቴምር ፍሬ የሚያካክሉ፣ ለስላሳ። አንዱ ጎድጉዷል፣ ቢጫ ሆኗል። ሌላው ነጭና ሙሉ ነው። እርሳስ ፈልጌ በላዩ ነጥብ አደረግሁበት። ሳልገለብጥ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳህን እርጥብ አሸዋ ላይ አኖርኩት። የጎደጎደውንም አብሬ አኖርኩት፣ ምናልባት ብዬ። በሳምንቱ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ሲያወጣ አወጣሁት፤ ወደ ደህናው እንዳይጋባ።

የዚያኑ ሰሞን ስልኩ ዝም አለ።

አንድ ሳምንት ሆነ። ሁለት ሆነ። ወደሚደውልበት ቁጥር ሳደውል አንዲት ሴት ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች፤ ድምፅዋ ንጹሕና የማይቸኩል ነው። የሌሎች እናቶችም ስልክ ዝም ብሏል አሉ፤ የመስመር ችግር ነው ያሉም አሉ፣ ሌላ ነገር ያሉም አሉ። ሰው ባለበት መቀመጥ ተውኩ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ጥጉን እጠርጋለሁ፣ ውሃውን እለውጣለሁ፣ የሳህኑን ክዳን ከፍቼ አየር አስገባለሁ፣ እዘጋለሁ። ቀኑ በዚያ ያልፋል። አንዳንዴ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ ሳላነሳ፣ ባለበት፣ በእጅ ባትሪ ከጎኑ አበራበታለሁ። መጀመሪያ ሮዝ ነበር። ቀጥሎ እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ክር ተዘረጋበት። ኋላ ጠቆረ። ውስጡ አንድ ነገር ዞር ሲል ያየሁ መሰለኝና ባትሪውን አጠፋሁ፤ እንዳልረብሸው። ከተማው ሁሉ፣ ባጃጁ፣ ገበያው፣ ካምፑ፣ ከዚያ ሳህን ውጪ በሩቅ የሚንሳፈፍ ነገር ነበር።

ጎረቤቴ ይመጣሉ። "ናጋ?" ይሉኛል። "ናጋ" እላለሁ። ስለ ልጄ አይጠይቁኝም። "እንቁላሉስ?" ይላሉ። ከዚያ ወተቱን አስቀምጠው፣ አብረውኝ ለጥቂት ጊዜ ሳህኑን አይተው ይሄዳሉ።

የወጣው በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ሳህኑን ስከፍት እንቁላሉ ላብ አውጥቷል፣ ጫፉ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ አፍንጫ ብቻ ይታያል። ፀሐይዋ ወደ ሊበን ሜዳ እስክታዘነብል እንዲያ ቆየ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ከትንሿ ጣቴ ያንሳል። እንደ እናቱ ነጠብጣብ የለውም፤ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ቀለበት ነው። የቅርፊቱ ቁራጭ ደርቆ የኋላ እግሩ ላይ ተጣብቋል፤ በጎተተው ቁጥር ይገለበጣል። ጨርቅ ልፈልግ ዞርኩ። ጨርቁ ሸካራ ነው፣ ቆዳው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ስለዚህ መዳፌን ዘረጋሁለት። ወጣበት። ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ምንም አይደለም፣ ክብደትም የለውም። በሌላው እጄ ጣቴን ለብ ባለ ውሃ እያረጠብኩ ቅርፊቱን አራስኩት፤ ለቀቀ። ዓይኑን ከደነ። እጄን አየሁት፣ ደጋግሜ።

በማግስቱ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

"እማዬ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "አለህ?"

"አለሁ። መስመር አልነበረም። ደህና ነኝ።"

"በላህ?"

"በላሁ። እነሱስ?"

ያን ጊዜ ልዋሽ አልቻልኩም። "አንዱ ተፈለፈለ" አልኩት። "ግን መጀመሪያ የምነግርህ አለ። ሳጥኑን አጠንኩት።"

"በምን?"

"በወይራ።"

"እነሱ ውስጡ እያሉ?"

"ጭሱ እያለ መለስኳቸው። ክዳኑን ዘጋሁት። ወንዱ ጅራቱን ጣለ።"

ከበስተኋላው ንፋስ ይሰማል፤ የሰዎች ድምፅ፣ የመኪና ሞተር።

"ወጣለት?" አለ በመጨረሻ።

"እየወጣለት ነው። የድሮውን አይመስልም። ቀይ ሽንኩርት ነው የሚመስለው።"

ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሳቀ። "ለምን በጊዜው አልነገርሽኝም?"

"እነሱ ከሌሉ መደወል ትተዋለህ ብዬ።"

"ለእነሱ ብዬ የምደውል መስሎሽ ነው?"

"እና ለማን ነው? እኔን ስታናግር ደህና ነኝ፣ በላሁ፣ ሌላ የለህም።"

"እዚህ ስላለው ነገር ላወራሽ አልችልም" አለኝ። "ቢፈቀድልኝም አልችልም። ስለ እነሱ ግን እችላለሁ። ስለ እነሱ ሳወራ እቤት ነኝ።"

በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ጠረግሁ።

"ልጁን ምን ላይ አደረግሽው?" አለኝ። "አሸዋ እንዳይሆን።"

"ሶፍት ላይ ነው። ብቻውን፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ።"

"ጎበዝ። ከእናቱ ጋር እንዳታደርጊው። የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪገፍፍ ድረስ አይበላም፣ ስለዚህ አትፍሪ፣ ፌንጣም አታስገቢ። ሶፍቱን በየቀኑ ለውጪው። አንዱን ጥግ ደግሞ..."

ተቋረጠ። "ሃሎ" አልኩ። መልሼ ደወልኩ፤ ያቺ ሴት ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና እጄን ታጠብኩ። የትናንቱን ሶፍት አወጣሁ፤ ሕፃኑ መዳፌ ላይ ጠበቀኝ። አዲስ ሶፍት አነጠፍኩ። ሌላ ቁራጭ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ እስከማያንጠባጥብ ጨምቄ፣ በአንዱ ጥግ እንደ ትራስ አስቀመጥኩለት። ቆዳው እንዲላቀቅለት ነው።